ጀነሬተር አይሮጥም

ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

የጀነሬተር መመሪያ እየተረጎምኩ ነው። ክፍያው ትንሽ፣ ጥድፊያው ብዙ። ዛሬ አንድ ገጽ ላይ ያ «ራን» የሚሉት የእንግሊዝኛ ግሥ ደጋግሞ መጣብኝ። ቃል በቃል ብወስደው ሞተሩ ያለ ጭነት ጥቂት ደቂቃ «ይሩጥ» ነው የሚለው፤ አማርኛው «ይሥራ» ነው። ገመዱን በግድግዳው ጥግ «አስሩጡት» ይላል፤ እኛ እንዘረጋዋለን። ነዳጁ «ሮጦ ወጣ» ማለት አለቀ ነው። «የሩጫ ወጪ» ያለውን ደግሞ የትኛውም የበጀት ሠራተኛ ያውቀዋል፤ ሥራ ማስኬጃ ይለዋል። ገጹ ሲያልቅ በአማርኛው ቅጂ ውስጥ የሚሮጥ ነገር አንድም አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። በእኛ ቋንቋ እግር ያወጣው መብራት ነው፤ ይሄዳል፣ ይመጣል። ውሃም እንደዚያው። ጀነሬተር የሚፈለገውም ለዚሁ ነው።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

የጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው፣ በመሃል ሰረዝ፤ እኔም እንደዚሁ ነበር የተማርኩት።

«ጋሼ፣ አፍንጫ እንዴት ነው የሚሮጠው?»

«ሲፈስ ነዋ፤ ጉንፋን ሲይዝሽ።»

«ስቶኪንግስ?»

«ሲተረተር።»

«እኛ እኮ ቲቸር ‹ሮጠ› ብሎ ነው ያስጻፈን» አለችና ከሰረዙ በስተቀኝ የቀረውን ጠባብ ቦታ አየችው። ለሁለት ቃል እንኳ አይበቃም። ቲቸሩ አልዋሸም፤ ከብዙው አንዱን ነው የነገራቸው።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

እንግሊዞቹ ራሳቸው ይህን ግሥ እንዴት እንደያዙት ሳነብ አመሸሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሆነው ፒተር ጊሊቨር «ራን»ን ለመከለስ ዘጠኝ ወር ገደማ ፈጅቶበታል። ክለሳው በ2011 ሲወጣ ለግሡ ብቻ 645 ትርጉም ተቆጥሮለት ነበር። ቀድሞ የአንደኝነቱ ቦታ የ«ሴት» ነበር፤ በፊደላችን ሲጻፍ እመቤት ይምሰል እንጂ ማስቀመጥ የሚለው አጭር ግሥ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እሱ ነው፣ ጄሎ ሲረጋ እሱ ነው፣ ማዕድ ሲሰናዳ እሱ ነው፣ ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ሲመልስም እሱ ነው። በ1989ኙ ሁለተኛ እትም 430 ትርጉም ነበረው።

ቁጥሩ አይደለም ያስገረመኝ። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ 645 ትርጉም ከራሱ ሊያመነጭ አይችልም። ታዲያ ከየት አመጡት? ከወረቀት ነው ያመጡት። የመጀመሪያው እትም ዋና አዘጋጅ ጄምስ መሪ የስኮትላንድ ልብስ ሰፊ ልጅ ነው፤ በ14 ዓመቱ ትምህርት ቤት ያቆመ። በ1879 ለእንግሊዝኛ አንባቢዎች ሁሉ ጥሪ አቀረበ፦ ስታነቡ ያገኛችሁትን ቃል፣ ቃሉ ካለበት ዐረፍተ ነገር ጋር፣ መጽሐፉንና ዓመቱን ጨምራችሁ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ወረቀቱ ጎረፈ። ኦክስፎርድ በሚገኘው ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ ቤት ተቀምጦ ሲለይ ኖረ፤ ልጆቹም ለኪስ ገንዘብ ወረቀት ይደረድሩለት ነበር። ፖስታ ቤቱ ደጁ ላይ የደብዳቤ ሣጥን ተከለለት። መሪ በ1915 ሞተ፤ መዝገበ ቃላቱ ያለቀው በ1928 ነው።

ወረቀቶቹ ሲደረደሩ የግሡ ዕድሜም አብሮ ይታያል። መጀመሪያ የሚሮጡት ሰውና እንስሳ፣ የሚፈሱት ወንዝና ደም ነበሩ። ባቡርና ፋብሪካ ሲመጡ እነሱም ሮጡ፤ በኋላ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተከተለ። ማሽኑን የፈጠሩ ሰዎች ለማሽኑ አዲስ ግሥ አልፈጠሩም፤ ያለውን ጫኑበት። እኛ ማሽኑን የገዛነው ደግሞ «ሠራ»ንና «ሄደ»ን ጫንበት። ሩጫውን ለሯጭ ትተንለታል ማለት ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገር፦ አሜሪካዊ ዕጩ ለምርጫ «ይሮጣል»፣ እንግሊዛዊው «ይቆማል»። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2013 ፓርላማ መግባት እፈልጋለሁ ባለ ጊዜ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ሯጩም ዕጩውም በአንድ ግሥ ይገለጹ ነበር። ለእኛ ሯጩ ይሮጣል፣ ዕጩው ይወዳደራል። ግን ሯጩም እኮ ይወዳደራል። እንግዲህ እዚህ ላይ እኛም ከእነሱ አንሻልም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት በስልክ ስታወራ መጣች። «ታክሲ ይዣለሁ… አይ፣ ስልክሽ ተይዞ ነው… ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዤ እኮ ነው፣ ልጁን ትኩሳት ይዞት… ወረፋ ያዢልኝ… ካርዱን ይዤዋለሁ።» ቀና ብላ በመስኮት አየችና «ኧረ ዝናብ ሊይዘን ነው!» አለች። ጋቢና የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሾፌሩን «ቀስ በል ልጄ፣ ትራፊክ እንዳይዝህ» ሲሉት «ኧረ አባባ፣ ፍሬኑ ራሱ በደንብ አይዝም» ብሎ ሁላችንንም ዝም አሰኘን።

እስከ ሳሪስ ስለ ፍሬኑ ማሰብ ሲገባኝ ስለ «ያዘ» አሰብኩ። እጅ ይይዛል፤ በሽታ ይይዛል፤ ፖሊስ ይይዛል፤ ጀሪካን ሃያ ሊትር ይይዛል። ጨርቅ ቀለም ይይዛል። ሰው ቂም ይይዛል፣ ሱባኤ ይይዛል፣ ነገር በልቡ ይይዛል። ሥራ የያዘ ሰው ደስ ይለዋል፣ ሥራ የያዘው ሰው ይነጫነጫል፤ ከአንዲት «ው» በቀር ልዩነት የለውም። ደግሞ ልጆቹን አስቡ፦ የገንዘብ ቤቱ «ያዥ»፣ የብድር መያዣ፣ የመሬት ይዞታ፣ የመጽሐፍ ይዘት። ለአንድ የውጭ አገር ተማሪ ይህን ሁሉ በሰረዝ ቀኝ «ያዘ ማለት በእጅ መጨበጥ» ብለን ብንሰጠው ታክሲ በእጁ ሊጨብጥ ይወጣል።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ነገ ጾመ ነቢያት ይያዛል። (ያው እንደገና!)

መመሪያውን አስረከብኩ። ስሠራ ከጎኔ ያልተለየው የቮልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛ-አማርኛ የዐውድ መዝገበ ቃላት ነው፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር የታተመ። ሌስላው በ1906 ፖላንድ ተወልዶ በ2006 አሜሪካ የሞተ ሰው ነው፤ የሴም ቋንቋዎቻችንን ዕድሜውን ሁሉ አጥንቷል። መጽሐፉን የምወደው የእንግሊዝኛውን ቃል ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከቶ ስለሚያሳይ ነው። አንዱ ቃል እንደ ጎረቤቱ በየመስመሩ ሌላ አማርኛ ይለብሳል።

ከአማርኛ ወደ አማርኛ ደግሞ የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. ታትሟል። ትልቅ ሥራ ነው፤ አንድ ሰው ከዚያ በላይ ምን ያድርግ? ግን የደስታ ዘመን ሰው ፕሮግራም አልጫነም፣ ኔትወርክ አልሄደበትም፣ ካርድ አልሞላም። እነዚህን የሚያውቀው የታክሲው ተሳፋሪ ነው፤ የተሳፋሪው ወሬ ደግሞ ሲወርድ አብሮት ይወርዳል።

ስለዚህ፣ ይህን የምታነቡ የእንግሊዝኛ መምህራን ካላችሁ፣ ከሰረዙ በስተቀኝ አንድ ቃል ከምታስጽፉ ከሥሩ ሦስት ዐረፍተ ነገር አስጽፉ፤ ደብተር ቢያልቅ ይለቅ። ሌሎቻችሁም ዛሬ ከሰው አፍ የሰማችሁትን የ«ያዘ» ወይም የ«ሄደ» ዐረፍተ ነገር፣ ቀኑንና ቦታውን ጨምራችሁ፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡ።