ፒካፗ ለምን ታንኳኳለች?

የሞተር ድምፅ ማዳመጥ ከመጽሐፍ አይገኝም ይባላል። እኔ ግን ግማሹ ይገኛል ባይ ነኝ።

ጫግኒ ያሉት አጎቴ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ አለቻቸው። ሞተሯ 22አር ነው፤ በቤንዚን የምትሄድ፣ ባለ ካርቡሬተር። በቆሎና በርበሬ ትጭናለች፤ የቤቱ እንጀራ እሷው ናት። እንጅባራ ላይ ደህና ትሄዳለች። ጫግኒ ወርዳ ጭነት ይዛ ዳገት ስትጀምር ግን ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደተበተነ «ቅርርር» ትላለች። ቤንዚን ሲረገጥ ደግሞ መጀመሪያ ትታፈንና ከዚያ ብድግ ትላለች። አንድ ጋራዥ «ብሮንዝ በልታለች፣ ሞተሩ ይውረድ» ብሎ ስለፈረደባት አጎቴ ሁለት በሬ ሊሸጡ ነበር። «ጋሼ፣ ሁለት ቀን ይስጡኝ» አልኳቸው።

ብሮንዝ ሲያልቅ ድምፁ ወፍራም ነው፤ «ዱክ ዱክ» ይላል፤ የአንዱን ካንዴላ ገመድ ስትነቅል ይቀንሳል። አራቱንም በየተራ ነቀልኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። በሚኒሞ ጭራሽ ዝም ትላለች። ዘይቱም ውስጥ የብረት ብናኝ አልነበረም። ስለዚህ የምንሰማው ቤንዚኑ ከጊዜው ቀድሞ በራሱ ሲፈነዳ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የጠረጠርኩት ነዳጁን ነው። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ላምባ ከገባበት ኦክቴኑ ይወርዳል። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አደረግሁ፤ ተነነ፣ የቅባት ምልክትም አልተወም። ንጹሕ ነው። (ድሮ ይህን ማንኳኳት የሚከላከለው ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው እርሳስ ነበር። ቶማስ ሚድግሌይ በ1921 እ.ኤ.አ. ያገኘው መላ ሲሆን ጉዳቱ ከጥቅሙ በልጦ በ2021 እ.ኤ.አ. ከዓለም የመኪና ነዳጅ ጨርሶ ወጣ።)

ከዲፓርትመንታችን ወርክሾፕ በተዋስኩት የታይሚንግ መብራት ሳይ ብልጭታው ከሚገባው 10 ዲግሪ ያህል ቀድሟል። ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚጣፍጠው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ነው፤ ጫግኒ 1,600 ገደማ። በዚህ ልዩነት የአየሩ ግፊት ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል። ሲሊንደሩ ብዙ አየር ይሞላል፣ እመቃውም ይበረታል። እንጅባራ ላይ ስስ አየር የሸፈነው የታይሚንግ መቅደም ጫግኒ ላይ ይጋለጣል።

ታዲያ ማን አስቀደመው? ለምንስ? ሞተሩን አጥፍቼ፣ የአየር ፊልትሮውን አንስቼ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ እያየሁ ቤንዚን መርገጫውን አስረገጥኩ። ቀጭን የቤንዚን ፍንጣቂ መታየት ነበረበት፤ ጠብታ እንኳ የለም። የማጣደፊያ ፖምፓዋ ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል። መታፈኑ ከዚህ የመጣ ነው። አንዱ ባለሙያ መታፈኑን ለማስታገስ ዲስትሪቢዩተሩን አዙሮ ሰጥቷቸዋል እላለሁ፤ እኔ እንዲህ ያለውን ጥገና አልወደውም፤ አንዱን በሽታ በሌላ በሽታ መሸፈን ነውና።

ጎማው ከባሕር ዳር መጣ። ታይሚንጉን ወደ ቦታው መለስኩ፤ በነጭ ቀለምም ምልክት አደረግሁበት። ሙሉ ጭነት ይዛ ያንኑ ዳገት ወጣች፣ ድምፅ የለም። አጎቴ መስኮቱን ከፍተው ጆሯቸውን አውጥተው ነበር የሚነዱት።

በሬዎቹ አልተሸጡም። ከጫግኒ ዝቅ ወደሚለው ወደ ግልገል በለስ ግን ገና አልወረደችም፤ እዚያ ሙቀቱም ይበረታል። አጎቴ በሚቀጥለው ሳምንት ይሞክሯታል፤ እኔም ስልክ እየጠበቅሁ ነው።