«ሚኒስትር» ስለሚለው ቃል

ሰው ዘወትር የሚጠራውን ስም ትርጉሙን አይመረምርም። እኛም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ፈጽመን የመንግሥት ሥራ ከጀመርን 12 ዓመት ሲሆነን፥ በየቀኑ በደብዳቤ ራስ ላይ የምንጽፈውና ማኅተም የምናሳርፍበት «ሚኒስቴር» የሚለው ቃል ከወዴት እንደ መጣ ጠይቀን አናውቅም ነበር። እንድንጠይቅ ያደረጉን ከገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩ የሚያስመሰግነን ባይሆንም ሳንሸሽግ እንናገረዋለን።

ሽማግሌው ስለ አንድ መዝገብ ሊጠይቁ ወደ መስኮታችን የቀረቡት ማክሰኞ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው «ጌታዬ» አሉን፤ በዕድሜ ግን አባታችን ይሆናሉ። እኛም ከባልደረባችን ጋር የያዝነው ጨዋታ እንዳይቋረጥብን ብለን «አባባ፥ ዛሬ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» አልናቸው። ሲስተሙ ግን ነበረ። በማግሥቱ ሲመጡም ይህንኑ ደገምንላቸው። ሐሙስ ዕለት የመዝገቡን ነገር ትተው በበሩ ላይ ያለውን ጽሕፈት እየተመለከቱ «ልጄ፥ ይህ ሚኒስቴር የሚሉት ስም ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን። «ትልቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማለት ነው» ብለን መለስን። እሳቸውም «እንግዲያውስ ለትንሽ ሰው ጊዜ ቢያጣ አይፈረድበትም» አሉና እጅ ነሥተው ሄዱ።

ንግግራቸው ከልባችን አልወጣ ስላለ ቅዳሜ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደን መዛግብተ ቃላትን አገላበጥን። ከዚያ ያገኘነውን ለአንባብያን በአጭሩ እናቀርባለን።

ቃሉ የተወለደው በጥንት ሮማውያን ቋንቋ፥ አባቶቻችን ሮማይስጥ በሚሉት በላቲን ነው። በላቲን «ሚኑስ» ማለት «ያነሰ» ማለት ነው፤ ተማሪ ሁሉ በሒሳብ የሚያውቀው የመቀነስ ምልክት ስም ይኸው ነው። ከዚሁ «ሚኒስተር» የሚል ስም ወጣ፤ ትርጉሙም አገልጋይ፥ በማዕድ ጊዜ ወይን የሚቀዳ፥ ካህን መሥዋዕት ሲያቀርብ የሚራዳ ማለት ነበር። ተቃራኒው «ማጊስተር» ነው፤ ይኸውም «ማጊስ» ማለትም «ይበልጥ» ከሚለው ቃል ወጥቶ አለቃና መምህር ማለት ሆነ። እንግሊዞች ለክብር የሚናገሩት «ሚስተር»፥ ጣሊያኖችም የሙዚቃን ሊቅ የሚጠሩበት «ማኤስትሮ» የዚህ የማጊስተር ልጆች ናቸው። እንግዲህ ትውልዱን የቈጠርን እንደ ሆነ «ሚስተር» የተባለው የበላይ፥ «ሚኒስትር» የተባለው የበታች ነው።

የቃሉ ዝቅተኛነት በምን ይታወቃል ቢሉ፥ ትንሹ ፕሊኒዩስ የተባለው ሮማዊ በታናሽ እስያ የቢታንያ አገረ ገዥ ሳለ፥ እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ ለቄሣር ትራያኖስ የላከው ደብዳቤ አለ። በዚህ ደብዳቤ የክርስቲያኖችን ነገር ለመመርመር ከማኅበራቸው «ሚኒስትራ» ተብለው የሚጠሩ ሁለት ሴቶች ባሮችን አሰቃይቶ እንደ ጠየቀ ይናገራል። በላቲኑ ወንጌልም ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ታላቅ ሊሆን የሚወድ ሌላውን ያገልግል ብሎ ባስተማረበት ስፍራ የተጻፈው ስም «ሚኒስተር» ነው። በዚያው ስፍራ በግሪኩ ያለው ቃል «ዲያቆኖስ» ሲሆን፥ የእኛ «ዲያቆን» የወጣው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ዲያቆንና ሚኒስትር በትርጉም ወንድማማቾች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ታዲያ ወይን ቀጂው እንዴት ባለ ሥልጣን ሆነ? ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ከንጉሥ ማዕድ አጠገብ የሚቆም፥ የግምጃ ቤት ቁልፍ የሚይዝ፥ ደብዳቤ የሚያነብ አገልጋይ የንጉሡን ጆሮ ያገኛል፤ ጆሮውን ያገኘም ከሩቅ ጌታ ይልቅ ይፈራል። በጀርመን አገር ከ11ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ሚኒስቴሪያለን» የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ በትውልድ ነጻነት የሌላቸው ሆነው ሳለ ለጌቶቻቸው እየተዋጉ፥ ምሽግና ርስት እያስተዳደሩ ቈይተው፥ በዘመን ብዛት ልጆቻቸው ከመኳንንቱ ተቈጠሩ።

ከዚህ በኋላ ቃሉ በየአገሩ መልኩን እየለወጠ ተዘዋወረ። ፈረንሳዮች «ሚኒስትር»፥ ጣሊያኖችና እስፓኞች «ሚኒስትሮ»፥ ሀንጋሮች «ሚኒስተር» አሉት። በሩሲያ ቀዳማዊ አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በ1802 ሚኒስቴሮችን ባቋቋመ ጊዜ ስሙም አብሮ ገባ። በእንግሊዝ አገር ከ1721 ጀምሮ መንግሥቱን ይመራ የነበረው ሮበርት ዋልፖል የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ነው ይባላል፤ በዘመኑ ግን ይህ ስም እንደ ስድብ ይቈጠር ስለ ነበር እርሱ ራሱ በ1741 በምክር ቤት ተነሥቶ አይደለሁም ብሎ ክዷል። ከዚሁ ከላቲኑ ግንድ የወጣ ሌላው ቅርንጫፍ ወደ ታች ወርዶ በፈረንሳይኛ የእጅ ሙያ ስም የሆነውን «ሜትዬ»ን፥ በእንግሊዝኛም የአዝማሪ ስም የሆነውን «ሚንስትረል»ን አፈራ። ባለ ሥልጣኑ፥ ባለ እጁና አዝማሪው የአንድ አያት ልጆች መሆናቸው ያስደንቃል።

ቃሉን ያልተቀበሉ ሕዝቦችም አሉ። ዓረቦች «ወዚር» ይላሉ፤ ብዙ ሊቃውንት ሸክም ከሚለው ቃል ያወጡታል። ከእነርሱም ስዋሂሊዎች «ዋዚሪ»፥ ሶማሌዎች «ወሲር» ብለው ወስደዋል። ሕንዶች ደግሞ «ማንትሪ» ይላሉ፤ ትርጉሙ አማካሪ ነው። አንዱ ሕዝብ ሸክሙን፥ አንዱ ምክሩን፥ አንዱ አገልግሎቱን አይቶ ሰየመ እንጂ፥ ከእነዚህ ከሦስቱ ስሞች መነሻው ጌትነት የሆነ የለም።

ወደ አገራችን የገባው ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር፥ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ፤ አዲሱ ስም የቀድሞውን ማዕርግ ሳያስለቅቅ በላዩ ተደረበ። አነጋገራችንም የፈረንሳይኛውን ይመስላል፤ ፈረንሳዮች ሰውየውን «ሚኒስትር»፥ መሥሪያ ቤቱን «ሚኒስቴር» እንደሚሉ እኛም እንዲሁ ለይተን እንጠራለን። ሁለቱን አደባልቀው የሚጽፉ ግን ዛሬም ጥቂት አይደሉም፤ እኛም አንዳንድ ጊዜ ከእነርሱ ጋር ነን። የሰውየው ስም አገልጋይ፥ የቤቱ ስም አገልግሎት ከሆነ፥ በዚያ ቤት በመስኮት አጠገብ የተቀመጥን ጸሐፊዎች የምንበልጠው ማንን ኖሯል?

ሰኞ ማለዳ ገብተን የሽማግሌውን መዝገብ አወጣን። የጐደለው አንድ ፊርማ ብቻ ነበር፤ ከአለቃችን ዘንድ ወስደን አስፈርመን ስንመለስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ለዚህ ግማሽ ሰዓት አንድ አዛውንት ሦስት ቀን ተመላልሰዋል፤ ለማደሪያና ለስንቅ ምን ያህል እንዳወጡ እሳቸው ያውቃሉ። በመዝገቡ ውስጥ የስልክ ቍጥር ስላልተገኘ በወረዳቸው በኩል ደብዳቤ ጻፍንላቸው። ይህን እስከ ጻፍንበት ቀን ድረስ አልመጡም።

ምናልባት ደብዳቤው አልደረሳቸው ይሆናል፤ ወይም ደርሷቸው እንደ ገና «ነገ ይመለሱ» ልንላቸው መስሏቸው ይሆናል፤ ቢመስላቸውም አንፈርድባቸውም። እኛ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ የሌለውን የለም፥ ያለውንም አለ ማለት ጀምረናል፤ ይህም እንደ ትልቅ ነገር የሚነገር አይደለም። ሽማግሌው የመጡ እንደ ሆነ አስቀድመን መቀመጫ እንሰጣቸዋለን፤ ቀጥሎም መዝገባቸውን እናስረክባቸዋለን፤ በመጨረሻም ያን ጊዜ በስሕተት የመለስንላቸውን ጥያቄ አርመን እንዲህ እንላቸዋለን፦ «አባቴ፥ ሚኒስቴር ማለት አገልግሎት ማለት ነው፤ እኛም ሳናውቀው ኖረን ነው።»