ነቅቶ የማደር ስም

«ዎች» የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል የብስ ላይ ሳለች ጭምት ናት። ቢበዛ በክንድ ላይ የምትታሰር ሰዓት ትሆናለች፤ አለዚያም «ተመልከት» ትላለች። መርከብ ላይ ስትሳፈር ግን ሥራዋ ይበዛል። ተረኛው የሚቆምበት የአራት ሰዓት ጊዜ «ዎች» ነው፤ የሚሠራው ጥበቃ «ዎች» ነው፤ በዚያ ሰዓት አብረው የሚቆሙት መርከበኞችም በጅምላ «ዎች» ናቸው። ሥሯ ሲፈተሽም መንቃትን ከሚያመለክተው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር የአንድ እናት ልጅ ናት። ነገሯ ሁሉ ከእንቅልፍ ጋር የተጣላ ነው።

በሸራ መርከብ ዘመን የመርከቡ ሰው ለሁለት ተከፍሎ እየተፈራረቀ ይቆም ነበር። ታዲያ ሃያ አራቱ ሰዓት በአራት በአራት ቢከፈል ስድስት ተራ ይወጣዋል፤ ስድስትም ለሁለት እኩል ስለሚካፈል አንደኛው ወገን ዘወትር በዚያው በጨለማው ሰዓት ላይ ይወድቃል። ይህ ግፍ እንዳይሆን ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያለውን ተራ ለሁለት ገመሱትና «የውሻ ተራ» አሉት። ተራው ሰባት ሆነ፤ ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ የቆመው ነገ በዚያ ሰዓት ይተኛል። ጊዜው የሚለካው በግማሽ ሰዓት የአሸዋ ብልቃጥ ነበር። ብልቃጡ በተገለበጠ ቁጥር ደወል ይመታል፤ ስምንት ጊዜ ሲመታ ተረኛው ይለወጣል።

የምትቆጥረዋ «ዎች»ም ብትሆን በባሕር ታሪክ ውስጥ ድርሻዋ ቀላል አይደለም። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1714 መርከብ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የት ላይ እንዳለ የሚታወቅበትን ዘዴ ላመጣ ሰው እስከ 20,000 ፓውንድ ሽልማት አወጀ። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለችና የመነሻ ወደቡን ሰዓት ሳያዛንፍ የያዘ መርከበኛ ከፀሐይ ጋር አስተያይቶ ቦታውን ያገኛል። ጆን ሃሪሰን የተባለ የአናጢ ልጅ በ1759 ትልቅ የኪስ ሰዓት የምትመስል መሣሪያ ሠርቶ ጨረሰ። በ1761 ወደ ጃማይካ በተጓዘች ጊዜ በስሌት የሳተችው አምስት ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር።

ሰዓቲቱ አትተኛም፤ ሰው ግን ይተኛል። እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1989 ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ደቂቃ አለፍ ብሎ «ኤክሰን ቫልዴዝ» የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ አላስካ ውስጥ ከባሕር ዐለት ጋር ተላትማ 11 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ድፍድፍ ዘይት ፈሰሰ። የአሜሪካ መርማሪዎች ከዘረዘሯቸው ምክንያቶች አንዱ የተረኛው መኮንን ድካምና የሥራ ብዛት ነበር። ዛሬ ዓለም አቀፉ ደንብ ለተረኛ መርከበኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ውስጥ 77 ሰዓት ዕረፍት ይሰጠው ይላል።

እንግዲህ የእኛ አማርኛ ምን ይበላት? «ዘብ» የወታደር ሽታ አለው። «ፈረቃ» ፋብሪካን፣ «ሮንድ» ቀበሌን ያስታውሳል። ክርስቶስ በባሕር ላይ እየሄደ ወደ ደቀ መዛሙርቱ የመጣው በአራተኛው የሌሊት ክፍል ነው፤ ነባሩ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ላይ «ዎች» ሲል የእኛው «ክፍል» ብሎ ያልፋል። ጊዜው አለ፤ ነቅቶ የሚያድረው ሰው ግን ከቃሉ ውስጥ የለም።

ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። የታላቅ ወንድሜ ልጅ ባሕር ዳር ሠልጥኖ በአንድ የጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ይሠራል። ተራው ቀንም ሌሊትም ከ6 እስከ 10 ሰዓት ነው። «ዎች አለብኝ» ባለ ቁጥር እናቱ «ምኑን ነው እንዲህ የሚመለከተው?» እያሉ ይጨነቃሉ፤ በናፈቃቸውም ሰዓት ይደውላሉ። አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ እርስዎ የሚደውሉት እኮ እሱ ከተራ ወርዶ ገና ጋደም ሲል ነው፤ ለሚቀጥለው ተራ የሚነሣው በዚያችው እንቅልፍ ነው» ብዬ የመርከቡን ሰዓት ከእኛው ጋር አስተያይቼ በወረቀት ጻፍሁላቸው። ወረቀቱን ደጋግመው አዩና፣ «እንግዲያው እሱ ሲተኛ ተረኛዋ እኔ ነኛ!» አሉ። ስልካቸውንም አጥፍተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።