አባዬ፣ ጨው እና ሁለት ኔሞዎች

ነገሩን ከመጀመሪያው ግልጽ እናድርገው፤ የጨው ውሃ አኳሪየም የሚያቋቁም ሰው የሚገዛው ዓሣ አይደለም። የሚገዛው ውሃ ነው። ዓሣው ከሁሉም በኋላ የሚመጣ፣ ከሁሉም ርካሽ የሆነ ዕቃ ነው። (ነፍስ ያለውን ነገር ዕቃ ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ሱቆቹ ናቸው።) ዛሬ ቤታችን ሳሎን ውስጥ 150 ሊትር ባሕር ቆሟል። ይህን ባሕር ለመሥራት ሁለት ወር ፈጅቶብናል። ከዚያ ውስጥ ስድስቱን ሳምንት ያሳለፍነው ድንጋይና አሸዋ ብቻ ባለበት ባዶ ውሃ ላይ አፍጥጠን ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ዓሣዎቹስ?" ይለናል። "ገና ናቸው" እንላለን። እንግዳው በአዘኔታ ያየንና ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል።

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ፣ አባዬና እኔ። አባዬ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ወላጆቻችሁን ያስመጣችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ወንድሜ መኪናውን አስነስቶ ተሳፋሪ ፍለጋ ይወጣል፣ እኔ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ (በጋዜጠኝነት ተመርቄ ሆቴል ውስጥ እንግዳ እቀበላለሁ፤ እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን)፣ አባዬ ደግሞ ከመስኮቱ ጋር ይቀራል። ከመስኮቱ የሚታየው የመኪና ማቆሚያ ነው። ማታ ስንመለስ "እንዴት ዋልክ?" እንለዋለን። "ደህና" ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ "ደህና"። አንድ ሰው በተከታታይ 700 ቀን ደህና ከሆነ ደህና አይደለም ማለት ነው።

አባዬ ባሕረኛ ነበር። ወጣትነቱን ምጽዋ፣ በባሕር ኃይል ነው ያሳለፈው። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ስትያዝ አሰብ ነበር፤ በግንቦት 1983 መርከቦቹ ወደ የመን ሲሸሹ እሱም አብሮ ተሻገረ። በኋላ አገሩ ተመልሶ መርካቶ ውስጥ የብረታ ብረት ሱቅ ተቀጠረ፤ እዚያው ጡረታ ወጣ። ባሕር በሌለው አገር ባሕረኛ ምን ይሠራል? ሚስማር ይቆጥራል። እኛ ልጆቹ ስለ ባሕር ብዙ ሲያወራ ሰምተን አናውቅም። የምናውቀው አንድ ፎቶ ነው፤ ነጭ የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ዓይኑን ከፀሐይ አጨንቁሮ።

"ታዲያ ወደ ባሕር አትወስዱትም?" የምትሉ አላችሁ። ወስደነዋል። ባለፈው ክረምት ኦሽን ሲቲ ሄድን፤ ሜሪላንድ ውስጥ ያለ የአትላንቲክ ዳርቻ ነው። ጫማውን አወለቀ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ፣ ወጣ። "ይቀዘቅዛል" አለ። ትንሽ ቆየና "ደግሞ ታቹ አይታይም" አለ። በቃ። ሦስት ሰዓት ነድተን ሄደን፣ ሦስት ሰዓት ነድተን ተመለስን።

ያኔ ነው ወንድሜ አኳሪየም ያመጣው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ የሚሞቅና ታቹ የሚታይ ባሕር።

የሄድንበት ሱቅ ሻጭ ልጅ እግር ነው፤ ፈገግታው ሰፊ፣ ችኮላው ከፈገግታው የሰፋ። ዛሬ ውሃውን ሙሉት፣ ነገ ዓሣ ውሰዱ አለን። ዳምሰል የሚባሉ ትንንሽ ሰማያዊ ዓሣዎች አሳየን፤ ጠንካሮች ናቸው፣ ውሃውን እነሱ ያለማምዱላችኋል አለ። ይኼ የቆየ ልማድ ነው፤ ቀና ብላችሁ ካያችሁት ግን ትርጉሙ "አሞኒያውን እነሱ ይጠጡላችሁ" ነው። አባዬ በአስተርጓሚ (በእኔ ማለት ነው) አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ "ከሞቱስ?" ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ። ዓሣ ሳንገዛ ወጣን።

እዚህ ላይ ትንሽ ኬሚስትሪ ታገሱኝ። ዓሣ ቆሻሻውን የሚያስወግደው ባብዛኛው በአሞኒያ መልክ ነው፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ዓሣ ይገድላል። ውቅያኖስ ውስጥ ይኼን የሚያጸዱ ባክቴሪያዎች በየድንጋዩና በየአሸዋው ላይ አሉ፤ አንዱ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይራል፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን በመጠኑ ከሆነ ይቻላል፣ ውሃ በመቀየርም ይቀንሳል። አዲስ አኳሪየም ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም ቢባል ይቀላል። እስኪራቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የሚቸኩል ሰው ይኼን ጊዜ በዓሣ ነፍስ ይከፍለዋል። የማይቸኩል ሰው አሞኒያውን ከጠርሙስ በጠብታ ይጨምራል፣ ይለካል፣ ይጠብቃል። እኛ ሁለተኛውን መረጥን፤ "እኛ" ስል አባዬ ማለቴ ነው።

መስታወቱን ሳሎን ውስጥ ግድግዳ አስደግፈን፣ ጠንካራ መቆሚያ ላይ አስቀመጥነው። ውሃው፣ ድንጋዩ፣ አሸዋው ሲደመር 200 ኪሎ ገደማ ነው፤ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይችለውም። ማሞቂያ፣ ውሃውን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ፓምፕ፣ መብራት፣ አረፋ እየሠራ ቆሻሻ የሚያወጣ ስኪመር። 15 ኪሎ ደረቅ ድንጋይ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ እዚህ አካባቢ በክሎራሚን ነው የሚታከመው፣ በዚያ ላይ አልጌ የሚቀልብ ነገር ሊኖረው ይችላል። የተጣራ ውሃ ገዝተን በጀሪካን አመላለስን። ጀሪካን! አሜሪካ መጥቼ ውሃ በጀሪካን እሸከማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጨዉ የገበታ ጨው አይደለም፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም የመሳሰሉት የተመጠኑበት ለዚሁ የተዘጋጀ ጨው ነው። ሒሳቡ በሊትር 35 ግራም ነው፤ ለ150 ሊትር አምስት ኪሎ ከሩብ። በትልቅ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ በፓምፕ እያማሰልን አንድ ቀን አሳደርነው። በማግስቱ ወንድሜ ሪፍራክቶሜትር በምትባል ትንሽ መነጽር ለካ፤ 1.025። ልክ ነው። አባዬ መነጽሯን አልጠየቀም። ጣቱን በርሜሉ ውስጥ ነከረና ቀመሰ።

"ጨው ያንሰዋል" አለ።

ወንድሜ ሳቀ። እኔ ግን የጋዜጠኝነት ትምህርቴ አልለቀቀኝምና ሄጄ አነበብኩ። ቀይ ባሕር ከዓለም ባሕሮች ጨው ከሚበዛባቸው አንዱ ነው። ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፣ ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ የለም፣ ፀሐዩ ያተነዋል። የውቅያኖሶች አማካይ በሊትር 35 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ቀይ ባሕር ከዚያ ይበልጣል፤ ወደ ሰሜን ጫፉ 40 ይደርሳል። በርሜላችን 35 ነበር። አባዬ ከ30 ዓመት በላይ ያልቀመሰውን ውሃ በምላሱ ለይቶታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አኳሪየሙ የእሱ ሆነ። ከእኔ ደብተር ለመነና በማስመሪያ መስመር አሰመረ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ሙቀት፣ ጨው፣ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬት። የመርከብ መዝገብ አያያዝ ነው። ጠዋት በ12 ሰዓት አንድ፣ ማታ በ12 ሰዓት አንድ፤ በሐበሻ ሰዓት። ውሃው በቀን አንድ ሁለት ሊትር ይተናል፤ ጀማሪዎች ይኼን ለመሙላት ጨዋማ ውሃ ይጨምራሉ፣ ጨዉም እየጠነከረ ይሄዳል። አባዬን ማንም አላስተማረውም። "ጨው የት ይሄዳል? የሚሄደው ውሃው ነው" ብሎ ጨው የሌለበትን የተጣራ ውሃ ጨመረ። ምጽዋ ላይ ባሕሩን በፀሐይ አድርቀው ጨው ሲያመርቱ ያየ ሰው ይኼ አይጠፋውም።

በሁለተኛው ሳምንት ናይትራይት ታየ። የመለኪያዋ ብልቃጥ ወይን ጠጅ ስትመስል አባዬ እንደ ምሥራች ደወለልኝ፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። በአራተኛው ሳምንት አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ለበሰ። ወንድሜ ተበላሸ ብሎ ሊጠርግ ተነሳ። ዲያቶም የሚባል አልጌ ነው፤ በአዲስ አኳሪየም ሁሉ ላይ ይመጣል፣ ሲበቃው ይሄዳል። ሄደም። በ41ኛው ቀን አባዬ ማታ አሞኒያ ጨምሮ በማግስቱ ማታ ለካ፤ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ። ሩቡን ውሃ ቀየርን። ባሕሩ ሰው ሆነ።

አሁን ክርክሩ መጣ፤ ምን እናስገባ? ወንድሜ የሚፈልገው ዶሪን ነው፤ ሰማያዊዋን፣ የፊልሟን። ዶሪ አድጋ 30 ሴንቲ ሜትር ልትደርስ የምትችል ዋናተኛ ናት፤ 150 ሊትር ለእሷ ኮሪደር ነው። በዚያ ላይ በገበያ ያሉት በአብዛኛው ከባሕር የተያዙ ናቸው፤ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው እጅ የተራቡት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከባሕር ሲያዙ ደግሞ አያያዙ ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። ፊሊፒንስ ውስጥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ኮራሉ ላይ ሳያናይድ እየረጩ ዓሣውን አደንዝዘው የሚይዙ ነበሩ፤ ኮራሉም አብሮ ይሞታል። ይኼን ሁሉ ለአባዬ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና፦

"አገሩ ላይ ያለ ዓሣ ለምን ይሰደዳል? እዚሁ የተወለደ ካለ እሱ ይምጣ" አለ።

ወንድሜ መልስ አልነበረውም። እኔም።

እዚሁ የተወለደው ኔሞ ነው፤ በትክክለኛ ስሙ ክላውንፊሽ። በእርባታ ከሚገኙት የባሕር ዓሣዎች ዋነኛው እሱ ነው፣ ታንክ ውስጥ ስለተወለደም የተዘጋጀ ምግብ መብላት ያውቃል፣ አኒሞን የምትባለው አበባ መሳይ እንስሳ ባትኖርም ይኖራል። ሁለት ገዛን፤ ተደምረው 60 ዶላር አልሞሉም። ከነላስቲካቸው 20 ደቂቃ አንሳፈፍናቸው፣ ከዚያ የእኛን ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረግን አለማመድናቸው። የሱቁን ውሃ ግን ደፋነው፤ በሽታ ለማከም መዳብ የሚጨምሩ አሉ፣ መዳብ ደግሞ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ይፈጃል። ከገቡ በኋላ አባዬ ወንበሩን አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ አያቸው።

"እኛ ጋ ያለው ሁለት ቀበቶ ነው ያለው" አለ። "ይኼ ሦስት ነው።"

እውነቱን ነው። የቀይ ባሕሩና የኤደን ባሕረ ሰላጤው ክላውንፊሽ ባለ ሁለት ነጭ ቀበቶ ነው፤ የኛው፣ የፊልሙ ዓይነት፣ ሦስት አለው። ያን ምሽት አባዬ አወራ። ስለ ምጽዋ ድልድይ፣ ከመርከቡ ጎን ተደግፈው ታች ስለሚያዩት ቀለም፣ ሌሊት ሞቶ እያለ ወለሉን ስለሚያቃጥለው ሙቀት፣ ስማቸውን ሰምቼ ስለማላውቃቸው ጓደኞቹ። ራት ቀዘቀዘ። ወንድሜ ስልኩን ገለበጠ።

(በነገራችን ላይ፣ ክላውንፊሾች ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚያድጉት። ከጥንዱ የበላይ የሆነው ሴት ይሆናል፤ ሴቷ ብትሞት ወንዱ በተራው ሴት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ፊልም ሳይንሱን ቢከተል ኖሮ የኔሞ አባት እናት በሆነ ነበር። ይኼን ለአባዬ ስነግረው "በቃ፣ የፈረንጅ ነገር" ብሎ አለፈኝ።)

በሐምሌ ነጎድጓድ ሰፈሩ መብራት ጠፋበት። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሙቀቱን ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀው ግን ኦክስጅን ነው፣ ፓምፑ ስለቆመ። አባዬ ጭልፋ አነሳ። ውሃውን እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ያፈሳል፤ አየር እንዲገባበት። አንድ ሰዓት ካፈሰሰ በኋላ ዋርድያ መደበን። ከስድስት እስከ ሰባት ወንድሜ፣ ከሰባት እስከ ስምንት እኔ፣ ከስምንት በኋላ ራሱ። በሻማ ብርሃን፣ በውድቅት ሌሊት፣ ተራዬ ሲደርስ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ቀሰቀሰኝ። ድምፁ የማውቀው የአባዬ ድምፅ አልነበረም፤ ቀጥ ያለ፣ የወጣት። መብራቱ ሊነጋ ሲል መጣ። በማግስቱ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ገዛን፤ ሃያ ዶላር አይሞላም፣ እናንተም ከዓሣው በፊት ግዙት።

አሁን ሁለቱ ኔሞዎች፣ አራት ቀንድ አውጣ፣ ሦስት ኸርሚት ክራብና አንድ ሽሪምፕ አሉን። ሽሪምፑ አባዬ እጁን ሲያስገባ ጥፍሩን ሊያጸዳለት ይመጣል። በየሁለት ሳምንቱ 20 ሊትር ይቀየራል። ወንድሜ ሦስተኛ ዓሣ እያለ ይነዘንዛል፤ ብሌኒ የምትባል፣ ድንጋይ ላይ የተለጠፈ አልጌ የምትግጥ ትንሽዬ። አባዬ ካሰበበት በኋላ ፈቅዷል። ብሌኒዋ መጀመሪያ ለብቻዋ በሌላ ዕቃ ውስጥ አራት ሳምንት ትቆያለች፤ በሽታ ይዛ እንዳትገባ። የምትገዛበትን ቀን በደብተሩ ላይ ጽፎ፣ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ "ናይትሬት ከ20 በታች ከሆነ" ብሎ ጨምሮበታል። ትላንት ማታ 25 ነበር። ወንድሜ ከሥራ ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ ደብተሩን ነው የሚያየው።