ቅጹን ከመሙላትህ በፊት

ባለፈው ሰሞን ማታ ላይ ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ነው፤ ከአብርሃ ጅራ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ “አያ፣ አለፍኩ እኮ!” አለኝ። እልል አላልኩም እንጂ ምንም አልቀረኝም። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዓመቱ ደግሞ 3.2 በመቶ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ቢልም፣ በ2015 ማብቂያ ላይ ክልላችን ውስጥ በተነሳው ጦርነት ምክንያት ስንቱ ተማሪ ደብተሩን እንዳስቀመጠ ታውቃላችሁ። የእኛ ልጅ በዚህ ሁሉ መሃል አንብቦ አለፈ።

ደስታችንን ሳንጨርስ ወደ ጉዳዩ ገባ። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሊሞላ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ተማክረው አንድ አነስ ያለ፣ ገና በቅርቡ የተከፈተ ግቢ አንደኛ ምርጫቸው ሊያደርጉ ተስማምተዋል። “ትልቅ ግቢ ገብቼ ሲ ከምለቅም እዚያ ኤ ብሰበስብ አይሻልም? ዲግሪ እንደሆነ ያው ዲግሪ ነው” አለኝ።

ዝም አልኩ። ይህችን ንግግር አውቃታለሁ። ከዓመታት በፊት የተናገርኳት እኔው ራሴ ነኝ!

ያኔ እንዳሰብኩትም ሆነ። ስሙን የማልጠራው አንድ ግቢ ገባሁ፤ ባዮሎጂ ደረሰኝ። አልዋሽም፣ ደስ የሚል ጊዜ ነበር። ኤም ሰበሰብኩ። መምህሩ ሃንድአውት ይሰጣል፣ እኛ እንሸመድዳለን፣ ፈተናው ከሃንድአውቱ ይመጣል። ላብራቶሪው ውስጥ ከካርቶናቸው ያልወጡ ማይክሮስኮፖች ነበሩ፤ “ይሰበራሉ” ተብሎ ተቆልፎባቸዋል። የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ከሲኒየሬ ወረስኩ፤ እሱም ከሲኒየሩ። እስክመረቅ ድረስ አንድም ሰው “አንተ ልጅ፣ አገርህ ያለው ችግር ምንድን ነው? ለምን እሱን አታጠናም?” ብሎኝ አያውቅም። መምህራኑንም አልኮንናቸውም። እነሱም ቢሆኑ ለማጥናት ገንዘቡም ጊዜውም አልነበራቸውም።

ችግሩ ግን ነበረ። አብርሃ ጅራን ለማታውቁ፣ ከጎንደር ተነስታችሁ በሳንጃ በኩል ቆላውን ስትወርዱ፣ ሱዳን ድንበር ሳትደርሱ የምትገኝ የምዕራብ አርማጭሆ ከተማ ናት። ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ጥጥ። አረምና አጨዳ ሲደርስ የቀን ሠራተኛው ከደጋ ይጎርፋል። ሌሊቱን የሚያድረው ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር፣ ስንጥቅጥቅ ባለው ዋልካ መሬት ላይ ነው።

ልጅ ሳለሁ እኛ ግቢ እየመጣ የሚያድር አንድ ሠራተኛ ነበር። ትኩሳት ያዘው። ወባ ነው ተባለ፤ የወባ መድኃኒት ዋጠ። ሻል አለው፣ ደግሞ አገረሸበት። ሰውነቱ እየከሳ ሆዱ እየተነፋ ሄደ። አንድ ቀን በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ተወሰደ። ከዚያ በኋላ አላየነውም። እናቴ ትቶት የሄደውን ጋቢ አጥባ ሁለት ዓመት ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችለት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለማስተርስ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። አንድ ቀን ላይብረሪ ተቀምጬ ጆርናሎች ሳገላብጥ አንድ የማውቀው ስም ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ አብደራፊ። የጎረቤታችን ከተማ! በፈረንጅ ጆርናል ላይ! ጥናቱ ስለ ካላዛር ነበር። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያንና ጉበትን የሚያሳብጥ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። ዝንቧ ደግሞ ግራር ያለበትንና የሚሰነጠቀውን ዋልካ መሬት ትወዳለች። ትኩሳት፣ ክሳት፣ የሆድ መነፋት... የተዘረዘረው ምልክት ሁሉ የዚያ ሰው ነበር።

እየቆየሁ ሌሎቹንም አነበብኩ። ድሮ የካላዛር ታማሚ በቀን አንድ መርፌ ለ30 ቀን ይወጋ ነበር። ሁለት መድኃኒት አጣምሮ ሕክምናውን ወደ 17 ቀን ማሳጠር እንደሚቻል በምሥራቅ አፍሪካ ተጠና፤ ከጥናቱ ቦታዎች መካከል ጎንደርና አርባ ምንጭ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ይህንኑ ሕክምና መከረ። እኔ ያገኘሁት እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ደግሞ ኤችአይቪ እና ካላዛር አንድ ላይ ስለያዛቸው ሰዎች ነው፤ የተሠራው ጎንደርና አብደራፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ለእነዚህ ታማሚዎች ያወጣው አዲስ መመሪያ በዚህ ሥራ ላይ የተደገፈ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር፣ ደንቢያ ላይ ወባ ብዙ ሰው በፈጀ ማግስት ነበር። ከጥንትም የተሠራው የአካባቢውን ጥያቄ እንዲጠይቅ ነው ማለት ነው።

የዚያን ቀን ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ጥናቱ የተሠራው ደጃችን ላይ ነው፤ እኔ የሰማሁት ግን አዲስ አበባ ተቀምጬ ነው። ባዮሎጂ ተምሬያለሁ፣ የሰፈሩን ሰው አውቃለሁ፣ ቋንቋውን አውቃለሁ፣ የሞተውንም አውቃለሁ። ሆኖም እኔ አንባቢ ነኝ፤ የጻፉት ሌሎች ናቸው።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ በስልክ ነገርኩት። “እኔ እኮ ጤና አይደለም የምፈልገው፣ እርሻ ነው” አለኝ። ይህስ ከመጣ የባሰ ታሪክ አለኝ!

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ወሎንኮሚ ውስጥ በአንድ ክፍል ጎጆ ነው ያደጉት። ፊደል ያልቆጠሩት እናታቸው ልጄ መማር አለበት ብለው ስለገፉ፣ እሁድ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው፣ ሳምንቱን ተምረው፣ ዓርብ ይመለሱ ነበር። በኋላ የዛሬው ሐረማያ፣ ያኔ ዓለማያ ኮሌጅ ገቡ። ልብ በሉልኝ፣ ወሳኙ ነገር የሆነው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን አክስቴል የሚባል የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ተመራማሪ የማሽላ ዝርያ ሊሰበስብ ኢትዮጵያ መጣ፤ የኮሌጁ መምህራቸው አገናኟቸው፤ አብረውት ዝርያ ሰበሰቡ። ሰውየው በሥራቸው ተደንቆ ፐርዱ ድረስ ወሰዳቸው። ዶክትሬታቸውን ይዘው የተመለሱት ወዴት መሰላችሁ? ወደ ሱዳን! እዚያ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1983 ሐጂን ዱራ 1 የተባለው ድቅል ማሽላ ለገበሬ ወጣ። ከእኛ ቤት ድንበሩን ተሻግሮ ማለት ነው።

ቀጥሎ አቀንጭራን ያዙ። አባቴ ከጅብ ይልቅ የሚረግማት አረም ናት። የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚለቀው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። እሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው ያንን ኬሚካል እምብዛም የማይለቅ ማሽላ አዳቀሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። ጉብዝናቸው የራሳቸው ነው። ግን ማሽላ ያጠና በነበረ ግቢ ውስጥ ባይሆኑ ኖሮ አክስቴል የት ያገኛቸው ነበር?

የምርምር ዩኒቨርሲቲ ማለት ለእኔ ይኸው ነው። መምህሩ ራሱ መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ ይዞ የሚያድርበት ቦታ። ዳታ የሚሰበስብለት ተማሪ ይፈልጋል፣ እንግዳ ይመጣበታል፣ ላብራቶሪው ይከፈታል። ሲ ብታገኝም ከጥያቄው ይደርስሃል። የእኔ ኤዎች ግን ዛሬ ማንም አይጠይቀኝም።

አገራችን ውስጥ በምርምር ዩኒቨርሲቲነት የተለዩት ስምንት ናቸው፦ አዲስ አበባ፣ አርባ ምንጭ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳ፣ ጅማና መቀሌ። እነዚህም ጋ ሃንድአውት አለ፣ የዶርም መጨናነቅ አለ፣ የተበላሸ ማይክሮስኮፕም አይጠፋም። ገብቶ ዝም ብሎ የሚወጣም ሞልቷል። ስለዚህ ለልጁ ሁለት ነገር አልኩት። አንደኛ፣ ከስምንቱ የፈለግከውን መስክ የሚያጠኑትን ቀድመህ ሙላ፤ እርሻ ከሆነ ሐረማያ አይራቅብህ። ሁለተኛ፣ እንደገባህ በዓመቱ የመምህርህን ቢሮ አንኳኩተህ “ምን እያጠኑ ነው? ልርዳዎት?” በል። አንዱ ቢያባርርህ ሌላው ይቀበልሃል። ምደባው ሌላ ቦታ ከጣለህም አይዞህ፤ ያው ሁለተኛው ምክር የትም ይሠራል፣ ለማስተርስ ደግሞ ሌላ ዕድል አለ። የእኔ መንገድ ግን ረጅሙ ነው፤ አልመክርህም።

አዲስ አበባ ተወልዳችሁ ስድስት ኪሎን በታክሲ መስኮት እያያችሁ ያደጋችሁ፣ ይህ ሁሉ ወግ ሊያስቃችሁ ይችላል። ለእናንተ ግቢው ሰፈር ነው። አብርሃ ጅራ ላለ ልጅ ግን እንዲህ ያለውን ነገር የሚነግረው ሰው የለም፤ ያለው የጓደኞቹ ስምምነት ብቻ ነው። ቆላ ወይም ገጠር ዘመድ ካላችሁ ውጤት ሲወጣ ከእንኳን ደስ አለህ ቀጥሎ ስለ ቅጹ ጠይቁት።

በመጨረሻ አክስቴ ስልኩን ተቀበለችው። “አንተ፣ ሐረማያ የሚባለው አገር የት ነው? ልጄን ልታርቅብኝ ነው?” አለችኝ። እንደሚርቅ አልደበቅኳትም። ትንሽ ዝም ብላ፣ “አቀንጭራዋን የሚያጠፋልን ከሆነ ይሂድ” አለችና ኔትወርኩ ተቋረጠ።