ከቡርሳ ወደ ኡሉዳ፦ በበረዶው ተራራ ላይ የት እንቀመጥ?

የቱርኳ ቡርሳ የኦቶማኖች የመጀመሪያ ትልቅ መዲና እንደነበረች በታሪክ ትምህርት የምናውቀው ነው። ወደ ከተማይቱ የሚገባ እንግዳ ግን አስቀድሞ የሚያየው ከበስተጀርባዋ የቆመውን ተራራ ነው። ስሙ ኡሉዳ ይባላል፤ ትርጉሙም «ታላቅ ተራራ» ማለት ነው። ከፍታው 2,543 ሜትር ሲሆን ይህ ለእኛ ለደጋ አገር ሰዎች ብዙም አያስደንቅም፤ እንጦጦ ይበልጠዋል። ነገር ግን ኡሉዳ ከምድር ወገብ ርቆ በስተሰሜን የሚገኝ በመሆኑ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በበረዶ ይሸፈናል። በኦቶማኖች ዘመን ከዚሁ ተራራ በረዶ እየተቆረጠ እስከ ኢስታንቡል ቤተ መንግሥት ድረስ ይጓዝ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሰው ራሱ ወደ በረዶው ይጓዛል።

በ20 ጉልላቶቹና በውስጡ ባለው የውዱእ ፏፏቴ በሚታወቀው በኡሉ ጃሚ ሰግደን ስናበቃ እኛም ወደ ተራራው አመራን። የምንወጣው በገመድ ነው። ቱርኮች «ተለፈሪክ» ይሉታል። መጀመሪያ የተዘረጋው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን በ2014 በአዲስ ተተክቷል። ከተፈሩች ሠፈር ተነሥቶ በካድያይላና በሳርአላን በኩል እስከ ሆቴሎቹ ድረስ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ካቢኑ ስምንት ሰው ይይዛል፤ ጣቢያው ላይ ስለሚያዘግም ተራምዶ ገብቶ መቀመጥ ነው። ሽማግሌም ሕፃንም አይቸገርበትም።

ችግሩ የሚጀምረው ከላይ ነው። ጀማሪ ሰው የሚፈራው ቁልቁለቱን ነው፤ እኛ ግን ቆመን እንደታዘብነው ብዙው ሰው የሚወድቀው ገና ሳይንሸራተት፣ ማውጫው ላይ ነው። እግሩ ላይ ሁለት ረዣዥም ሸርተቴዎች የታሰሩለት ሰው እንደ ልቡ አይራመድምና።

ለመጀመሪያ ቀን የሚሻለው የሚንቀሳቀሰው ምንጣፍ ነው። ሸርተቴዎችን አቅንቶ፣ ጉልበትን ጥቂት አጥፎ ቀጥ ብሎ መቆም ብቻ ይጠይቃል። ትልልቅ ሰዎች «የልጆች ነው» እያሉ ያፍሩበታል። በእኛ አስተያየት ይህ ሐፍረት ትርጉም የለውም።

ቀጥሎ «ተለስኪ» የሚሉት የሚጎትት ገመድ አለ። ከላይኛው ገመድ ዘንግ ይወርዳል፤ በጫፉም ክብ ሰሌዳ አለው። ሰሌዳው በሁለት እግሮች መካከል አልፎ ከመቀመጫ በታች ይደገፋል። ታዲያ የሰው ሁሉ ስሕተት መቀመጡ ነው! ዘንጉ መሳቢያ እንጂ ወንበር አይደለም፤ የተቀመጠበት ሰው ወዲያው መሬት ነው። ቆሞ መሳብ ነው። የወደቀ ሰው ደግሞ ዘንጉን ቶሎ ለቅቆ ከመስመሩ ገለል ይበል፤ ከኋላው ሌላ ሰው እየመጣ ነውና።

ሦስተኛው፣ ብዙ የሚባልለትም፣ «ተለሲየጅ» ነው፤ በገመድ የሚሄድ ወንበር። ይህ ወንበር መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ፣ በአይዳሆ ግዛት ሰን ቫሊ በተባለ ቦታ ነው። ያወጣው ጄምስ ከረን የተባለ የባቡር ኩባንያ መሐንዲስ ሲሆን፣ ሐሳቡን ያገኘው የሙዝ ዘለላዎችን ወደ መርከብ ከሚጭን ማሽን ነው። መንጠቆው በወንበር ተተካና ሙዙ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ወንበሮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ገመዱን እንደጨበጠ የሚዞር ነው፤ በጉዞው ዝግ ያለ ቢሆንም ለመቀመጥ ሲመጣ ፍጥነቱን አይቀንስም፤ ስለዚህ ጉልበትን ከኋላ ይመታል። ሁለተኛው ጣቢያ ሲደርስ ገመዱን ለቅቆ ያዘግማል፤ ከዚያ በኋላ ገመዱን ይዞ ይፈጥናል። ጀማሪ ምርጫ ካለው ይህንን ይያዝ። ከመሳፈር በፊት ምርኩዞቹን ከእጅ አንጓ ፈትቶ በአንድ እጅ መያዝ፣ የጀርባ ቦርሳን አውልቆ ወደ ፊት ማዞር፣ ዞር ብሎ የሚመጣውን ወንበር እያዩ እስከ መደገፊያው ድረስ ገብቶ መቀመጥ፣ መከለያውንም ወዲያው ማውረድ ያስፈልጋል። ሲደርሱ የሸርተቴውን ጫፍ ቀና አድርጎ፣ ተነሥቶ፣ ቀጥ ብሎ ተንሸራትቶ ቦታ መልቀቅ ነው።

እኅቶቻችንን በተለይ የምናሳስበው አለ። የሒጃብ ጫፍ፣ ረጅም ሻርፕና ሰፊ ልብስ ወንበሩ ላይ ወይም ምንጣፉ ማብቂያ ላይ ሊያዝ ይችላል። ጫፉን ወደ ጃኬት ውስጥ ማስገባትና ከውጭ ዚፑን መዝጋት ይበቃል።

የልጆች ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። እዚያው ሳለን አንድ አባት ስድስት ዓመት የሚሆነውን ልጁን በመጀመሪያ ቀኑ ወደ ወንበሩ ይዞት መጣ። ልጁ ቁመቱ አልደርስ ብሎ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ ሠራተኛው ማሽኑን ባያቆመው ኖሮ ወንበሩ ከመሬት ርቆ ነበር። አባትዬው በልጁ ላይ ተቆጣ። ልጁ ግን ምን አጠፋ? ትንሽ ልጅ የሚቀመጠው ሠራተኛው ከቆመበት ጎን ነው፤ አንሥቶ እንዲያስቀምጠው። በሌላው ጎኑ ደግሞ ትልቅ ሰው ይኖራል። ሁለት ልጆች ካሉ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ካልሆነም ተራ በተራ ይወጣሉ። መከለያው ሳይወርድ ልጅን ፎቶ ለማንሣት መጣደፍ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ እሱንም አይተናል።

ሌላም አለ። ወንበሩ ያወጣውን ሰው ሁልጊዜ መልሶ አያወርደውም። ስለዚህ ከመሳፈር በፊት «ላይኛው መንገድ ለጀማሪ ይሆናል ወይ? ካልቻልን በወንበሩ እንመለሳለን ወይ?» ብሎ ሠራተኛውን መጠየቅ ይገባል። ከተራራው አናት ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ልጅን ማስወረድ ለወላጅም ለሠራተኛም ከባድ ነው።

በመጨረሻ፣ ቡርሳ «ሎዶስ» የሚባል ብርቱ የደቡብ ነፋስ አላት። እሱ ሲነሣ ተለፈሪኩ ይቆማል። ጠዋት ወደ ተፈሩች ከመሄድ በፊት የዕለቱን ነፋስና የመጨረሻውን መውረጃ ሰዓት መጠየቅ ያስፈልጋል። ገመዱ ከቆመ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጠማዘዘው የመኪና መንገድ አለ፤ ማምሻውን ግን በረዶ ስለሚጋገርበት ቀደም ብሎ መነሣት ይሻላል።