ከዝርዝሩ ግርጌ ያለችው ከተማ

“መራጭ ይወድቃል ከምራጭ” ይላሉ አበው። ተረቱ የተተረተው ምርጫ ለሚያበዛ ሰው ነው። ስለሚመረጡት ነገሮች አደራደር ግን ያለው ነገር የለም። ለመሆኑ ማን ደረደራቸው? የትኛው ፊት ቆመ፣ የትኛውስ ኋላ ቀረ? ከዓይን የተሰወረስ የለም ወይ? ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ላነሳው ያሰብኩት ይህንኑ ነው። “የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ምን አገባው?” እንዳትሉኝ። ትንሽ ከታገሣችሁኝ እንደሚያገባን ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

ሊስት ቦክስ ማለት

ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ስሙን ላናውቅ እንችላለን እንጂ። ኮምፒውተር ላይ ፎርም ስንሞላ አንዳንዱን ነገር እንጽፋለን፣ አንዳንዱን ደግሞ ከተደረደረ ዝርዝር ውስጥ ክሊክ አድርገን እንመርጣለን። ይህ የሚመረጥበት ሳጥን ነው ሊስት ቦክስ የሚባለው። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ሳጥኑን ከባዶ አይሠሩትም። በተን፣ የጽሑፍ ቦታ፣ ሊስት ቦክስና ሌላውንም ዕቃ አዘጋጅቶ የሚሰጥ የመሣሪያ ስብስብ አላቸው። ከታወቁት አንዱ ቲኬ ይባላል። በአሜሪካ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆን ኦስተርሃውት የሠራው ሲሆን፣ ዛሬ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ቲኪንተር በሚል ስም እናገኘዋለን።

እኛ ጋ እንዴት መጣ? ሁለት የክፍል ጓደኞቼና እኔ፣ ከአንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ጋር ሆነን፣ ለልምምድ የምንጽፋቸውን ዜናዎች የምንመዘግብበት ትንሽ ፕሮግራም ልንሠራ ተነሣን። ዜናው ከየት ከተማ ነው? ስለምንድን ነው? በስንት ቀን ተጻፈ? ይኸው ነው። በዓመቱ መጨረሻ ግን መዝገቡ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይመልስልናል፤ ስለየትኛው ከተማ ብዙ ጻፍን፣ የትኛውንስ ረሳን? ቀጣዩ የመስክ ልምምድ ወዴት ይሁን የሚለውም በዚሁ ነው የሚወሰነው። ስለዚህ ዝርዝሩ እንደዋዛ የሚታይ አልነበረም።

ከተማውን በእጅ መጻፍ ለምን አልተፈቀደም? ምክንያቱም አንዱ “ሚኤሶ” ይላል፣ ሌላው “መኢሶ”፤ አንዱ “ሂርና” ሲል ሌላው በሐመሩ ሐ “ሒርና” ይላል። ለእኛ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ከተሞች ናቸው። ሲቆጥር ለየብቻ ይቆጥራቸዋል። ዝርዝር ሲኖር ግን አጻጻፉ አንድ ይሆናል።

አሥር መስመር

የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞችን ጻፍን፣ አሥራ ሁለት ሆኑ። ኮምፒውተሩ በፊደል ተራ ሲደረድራቸው እንዲህ መጡ፦ ሂርና፣ መቻራ፣ ሚኤሶ፣ በዴሳ፣ ቦርደዴ፣ ቦኬ፣ አርበረከቴ፣ አሰቦት፣ ኩኒ፣ ዶባ፣ ገለምሶ፣ ጭሮ።

የእኛ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መለያ ቁጥር ውስጥ ሲገባ በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ነው የገባው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ሲደረድር እኛ ትምህርት ቤት ከለመድነው ተራ ብዙ አይርቅም። ይህ ደስ ይላል። ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የተቀመጠ ስለነበር፣ አማርኛን በትክክለኛ ተራ መደርደር ራሱን የቻለ ሥራ ነበር።

አሁን ወደ ሳጥኑ እንመለስ። በቲኬ ሊስት ቦክስ ውስጥ “ቁመትህ ይህን ያህል ይሁን” ብሎ የሚነግረው ሰው ከሌለ፣ ሳጥኑ የሚያሳየው አሥር መስመር ነው። ከአሥር በላይ ያለው አይጠፋም፣ ግን አይታይም። በጎን የሚንቀሳቀሰው ስክሮል ባርም አብሮ አይመጣም፤ ለብቻው ተሠርቶ ከሳጥኑ ጋር መያያዝ አለበት። እንግዲህ አሥራ ሁለት ከተማ፣ አሥር መስመር። ከታች የቀሩት ሁለቱ እነማን ናቸው? ገለምሶና ጭሮ! የዞኑ ዋና ከተማና በጫትም በቡናም ስሟ የገነነው ገለምሶ ከመጋረጃ ጀርባ ቀሩ።

ለሙከራ የጠራናት የክፍላችን ልጅ ስለ ጭሮ ገበያ የጻፈችውን ዜና ልታስገባ ተቀመጠች። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። “ጭሮ የለም እንዴ?” አለችና አሰቦትን ልትመርጥ ማውሱን አነሣች። “ለምን አሰቦት?” ስንላት “ቅርብ ስለሆነ ነዋ!” አለች። ሳቅን፤ ግን ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ሳያዳላ፣ የጭሮ ዜና የአሰቦት ሊሆን ነበር። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ማለት ይኸው ነው።

መፍትሔው ሁለት ቃል ነው፤ ቁመቱን ማሳደግና ስክሮል ባር ማያያዝ። ሁለቱንም አደረግን። ዝርዝሩ ወደፊት ቢረዝም እንኳ ስክሮል ባሩ “ከታች ሌላም አለ” ብሎ ይናገራል።

አንድ ነው ወይስ ብዙ

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ አንድ ሰው ስንት ከተማ መምረጥ ይችላል የሚለው ነው። ሊስት ቦክሱ አራት ዓይነት አመራረጥ አለው። ሲንግል የሚባለው አንድ ብቻ ያስመርጣል። ብራውዝ የሚባለውም አንድ ብቻ ነው፣ ግን ማውሱን ተጭነን ስንጎትት ምርጫው አብሮ ይንሸራተታል፤ ምንም ካልተባለ ሳጥኑ የሚጀምረው በዚህኛው ነው። መልቲፕል በየክሊኩ አንዱን ይጨምራል፣ ደግመን ስንነካው ያነሣዋል። ኤክስቴንድድ ደግሞ ሺፍትና ኮንትሮል የሚባሉትን ቁልፎች ተጭኖ ብዙ ለመምረጥ ነው።

እዚህ ላይ ተከራከርን። አንዱ ጓደኛዬ “ዜና አንድ ቦታ ነው ያለው፣ አንድ ብቻ ይመረጥ” አለ። እኔ አልተስማማሁም። ከሂርና እስከ ጭሮ ስላለው መንገድ የተጻፈ ዜና የማን ነው? በዴሳ ላይ ተለቅሞ ሌላ ከተማ ላይ ስለሚሸጥ ቡና ብንጽፍስ? ሳጥኑ አንድ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ዘጋቢው አንዱን ከተማ ሊሰርዝ ነው። ያልተመረጠው ከተማ ሰው መዝገቡን ቢያየው “ስለእኛ አልጻፉም” ይላል፤ ጽፈን ሳለ። በመጨረሻ መልቲፕልን መረጥን። ኤክስቴንድድን የተውነው ኮንትሮል መጫን የማያውቅ ሰው ሁለተኛውን ሲነካ የመጀመሪያው ስለሚጠፋበት ነው።

ሌላም አስገራሚ ነገር ገጠመን። ፕሮግራሙ ሁለት ዝርዝር አለው፤ አንዱ የከተማ፣ አንዱ የርዕሰ ጉዳይ። ከተማ መርጠን ወደ ርዕሰ ጉዳይ ሄደን “ጤና” ስንል የከተማው ምርጫ ድርግም አለ። ሰበቡ ኤክስፖርትሰሌክሽን የሚባለው ማስተካከያ ነው። ቲኬ መጀመሪያ የተሠራው ኤክስ ዊንዶው ለሚባለው ሥርዓት ነበር። በዚያ ሥርዓት የተመረጠ ጽሑፍ ወዲያው ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ሊለጠፍ ይችላል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ የምርጫው ባለቤት አንድ ብቻ ነው። አዲስ ሲመረጥ አሮጌው ይለቃል። ለዚያ ሥራ ጥሩ ነው። ለእኛ ግን ከተማ የሌለው የጤና ዜና ሊያስቀርልን ነበር። ማስተካከያውን ስናጠፋው ሁለቱ ዝርዝሮች በሰላም መኖር ጀመሩ።

ተራ ቁጥር አደራ አይበላም?

ሰው ሲመርጥ እኛ ስም እናያለን፤ ሳጥኑ ግን ለፕሮግራሙ የሚሰጠው ተራ ቁጥር ነው። ቆጠራውም ከዜሮ ይጀምራል። ሂርና 0፣ መቻራ 1 እያለ ገለምሶ 10፣ ጭሮ 11 ይሆናል። ይህን ቁጥር እንዳለ ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ቀላል ነው። ግን ነገ ከነገ ወዲያ ከመሐል አንድ ከተማ ቢጨመርስ? ሁሉም አንድ አንድ ይገፋል። 11 ቁጥር ገለምሶ ትሆናለች። የጭሮ የዓመት ዜና በአንድ ጀምበር የገለምሶ ይሆናል ማለት ነው፤ ያውም ማንም ሳያየው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ከተማ የማይለወጥ መለያ ተሰጠው፤ ፋይሉ ውስጥ የሚገባውም እሱ ነው። ተራው ይለዋወጥ፣ መለያው ግን አይነካም።

“ሌላ” የሚለውን ቃልም አትርሱት። ከአሥራ ሁለቱ ውጭ ለሆነ ቦታ የግድ ያስፈልጋል። በፊደል ተራ ከተደረደረ ግን ለ ከሀ ቀጥላ ስለምትመጣ “ሌላ” ከሂርና ሥር ሁለተኛ ሆኖ ቁጭ ይላል። የቸኮለ ሰው ደግሞ ቅርቡን ነው የሚነካው። ስለዚህ በእጅ አውጥተን መጨረሻ ላይ አኖርነው፤ አጠገቡም የቦታውን ስም መጻፊያ ሰጠነው። የገጠር ቀበሌ ዜና “ሌላ” ተብሎ ስም አልባ ሆኖ መቅረት የለበትም።

ሲከፈትም ምንም ነገር ተመርጦ እንዳይጠብቅ ተስማማን። ለምሳሌ ጃቫ በሚባለው ቋንቋ ስዊንግ ውስጥ ያለው ኮምቦ ቦክስ፣ ሌላ ካልተነገረው፣ የመጀመሪያውን መርጦ ነው የሚጀምረው። እኛም እንዲያ ብናደርግ ኖሮ ሰነፍ ዘጋቢ የረሳው ዜና ሁሉ ለሂርና ይመዘገብላት ነበር።

አሰበ ተፈሪ ወይስ ጭሮ?

አሁን ወደ ከባዱ ደረስን። አባቴ እስከ ዛሬ “አሰበ ተፈሪ” ነው የሚለው። ታናሽ እህቴ “ጭሮ” ትላለች። የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ከተማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስላለችው። አሰበ ተፈሪ የሚለው ስም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልዑልነት ስም ጋር የተያያዘ ነው። የከተማዋን አመሠራረት የሚያነሡ ሰዎች የጨርጨር ገዥ የነበሩትን ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ያነሣሉ፤ በኋላ በጅሮንድ ተብለው የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ናቸው። ጭሮ ደግሞ ኦሮሞው የሚጠራበት፣ ዛሬ በመንግሥት ሥራም የሚሠራበት ስም ነው።

ስሙ ሲለወጥ የዝርዝሩ ተራም ይለወጣል። “አሰበ ተፈሪ” ብንል ከተማዋ ከአርበረከቴ ቀጥላ ስምንተኛ ትሆናለች፤ በአሥሩ መስመር ውስጥ ትታያለች፣ ግን ከአሰቦት ጋር ተጎራብታ ለማሳሳት ትመቻለች። “ጭሮ” ስንል አሥራ ሁለተኛ ናት። ዝርዝሩ በቁቤ ቢጻፍ ደግሞ የጭ ድምፅ በላቲኑ ሦስተኛ ፊደል ስለሚጻፍ ስድስተኛ ትሆናለች። አንዲት ከተማ፣ ሦስት ቦታ!

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በአፍሪካ ደቡብ ያለችው ስዋዚላንድ በ2018 እ.ኤ.አ. ስሟን ኢስዋቲኒ ስትል በእንግሊዝኛው የአገሮች ዝርዝር ከታች ተነሥታ ልክ ከኢትዮጵያ በላይ ተቀመጠች። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ፎርም ሲሞሉ አሁን ከኢትዮጵያ በላይ የሚያዩት እሷን ነው።

ታዲያ ምን ወሰንን? በዝርዝሩ ላይ “ጭሮ (አሰበ ተፈሪ)” ተብሎ ተጻፈ። በአሮጌው ስም ለሚፈልግ ሰው ደግሞ በአ ቦታ ላይ “አሰበ ተፈሪ” የሚል መስመር ገባ። ሁለቱም የሚያስቀምጡት መለያ አንድ ነው። አባቴም እህቴም የሚያውቋትን ከተማ ያገኟታል፤ ቆጠራውም አይዛባም። “ስምን መልአክ ያወጣዋል” ይባላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ስም የሚያወጣለት ሰው ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኞች

በክፍል ውስጥ ስለ ጌትኪፒንግ ተምረናል። ዴቪድ ማኒንግ ኋይት በ1950 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ “ሚስተር ጌትስ” ያለው አንድ አርታኢ ከዜና ወኪሎች ከሚመጣለት ዜና የትኛውን እንደሚያሳልፍ፣ የትኛውን እንደሚጥል ተከታትሎ ነበር። አርታኢው ሰው ስለነበረ ምክንያቱን መጠየቅ ተቻለ። ሊስት ቦክስን ግን ማን ይጠይቀዋል? አሥር መስመር ብቻ ያሳየው ጭሮን ጠልቶ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ባለሙያ፣ ስለ ጭሮ ሰምቶ የማያውቅ፣ “ካልተነገረው አሥር ይበቃል” ስላለ ነው። ያልተነካ ማስተካከያ ሁሉ የሌላ ሰው ውሳኔ ነው።

ስለዚህ ከአንድ መሥሪያ ቤት “ከዚህ ከተማ ይህን ያህል አመልካች፣ ከዚያኛው ይህን ያህል” የሚል ቁጥር ስንቀበል፣ ከቁጥሩ በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ሰዎቹ የመረጡበትን ዝርዝር ያሳዩን። ከላይ ማን አለ? ከታች ማን ተሰወረ? ሲከፈት ተመርጦ የሚጠብቅ አለ? “ሌላ” የት ነው የተቀመጠው? አንድ ብቻ ነው የሚመረጠው ወይስ ብዙ? እነዚህን ለመጠየቅ ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም። ወንበር ስቦ ከፎርሙ ፊት መቀመጥና እስከ ታች ድረስ መመልከት ይበቃል።

ቸር እንሰንብት።